እየተለጠጠ የሚደግፍ

በጓሮአችሁ ቲማቲም የተከላችሁ ባልና ሚስት፣ እስኪ ዛሬ ወጣ በሉና ችግኙን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በየቀኑ ይረዝማል፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ ግን አይሰበርም። ለምን ይመስላችኋል?

መልሱ ልጆቻችን በባዮሎጂ ትምህርት ‹‹ቀላል ኅብረ ሕዋሳት›› እያሉ በሚያጠኗቸው ሦስት ነገሮች ውስጥ አለ። ቀላል የተባሉት እያንዳንዳቸው ከአንድ ዓይነት ሕዋስ ስለሚሠሩ ነው።

የመጀመሪያው ፓረንካይማ ነው። የወንጌል አገልጋይ ልጅ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ነህምያ ግሩ እ.ኤ.አ. በ1682 ባሳተመው ስለ ተክሎች አካል በሚናገር መጽሐፉ ይህን ስም ተጠቅሞበታል። ሕዋሳቱ ሕያዋን፣ ግድግዳቸውም ስስ ነው። በድንች ውስጥ ስታርች የሚያከማቹት፣ በቅጠል ውስጥ ምግብ የሚያዘጋጁት እነርሱ ናቸው። ውኃ ሲሞላቸው እንደተነፋ ኳስ ይወጠራሉ፤ ለጋው ችግኝ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዋናነት በዚህ ነው። ውኃ ሲያጡ ይጠወልጋል። ተክሉ ሲቆስልም እንደገና ተከፋፍለው ቁስሉን ይሸፍናሉ።

ሁለተኛው ኮለንካይማ ይባላል። በለጋ ግንድና በቅጠል ዘንግ ላይ፣ ከቆዳው ሥር ይገኛል። ሕዋሳቱ ሕያዋን ሲሆኑ ግድግዳቸው በተለይ ማዕዘኑ ላይ በሴሉሎስና በፔክቲን ወፍሯል። ስለዚህ ተክሉን ይደግፋል፤ ተክሉ ሲረዝም ደግሞ አብሮ ይለጠጣል። ነፋስ ሲያወዛውዘውም ግድግዳው ይበልጥ ይወፍራል።

ሦስተኛው ስክለረንካይማ ነው። ግድግዳው ሊግኒን በሚባል ጠንካራ ነገር የተሞላ ሲሆን፣ ሕዋሳቱ አብዛኛውን ጊዜ አገልግሎት የሚሰጡት ከሞቱ በኋላ ነው። የእንሰት ቃጫ ከዚህ ወገን ነው። ዘይቱን ስንበላ ጥርሳችን ላይ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሸውም እንዲሁ። ብርቱ ነው፤ ነገር ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ተክሉ ይህን በብዛት የሚያበጀው ርዝመቱን በጨረሰው ክፍል ላይ ነው። ቀድሞ ቢደነድን ኖሮ ማደግ ባልቻለ ነበር።

እንግዲህ ይህን ካወቃችሁ በጓሮአችሁ እንዲህ አድርጉ። ቲማቲሙን ከእንጨቱ ጋር በሽቦ ጥርቅም አድርጋችሁ አትሰሩት፤ ሽቦው ለጋውን ግንድ ይቆርጠዋል። ሰፋ ባለ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ጥቂት ይወዛወዝ። ግንዱ ሲወፍር ማሰሪያውን አላሉት። ሥሩ ውኃ እንዳያጣም ተጠንቀቁ። ጎመኑን ደግሞ ግንዱ ሳይደነድን ለጋውን ቁረጡት፤ አንዴ ሊግኒን ከገባበት ቢቀቅሉትም እንደ ቀድሞው አይለሰልስም።

ልጆቻችሁ ለፈተና ሲያጠኑ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከተምታቱባቸው፣ መጽሐፉን ይዘው ወደ ጓሮ ይውጡ። አንዱ ሕያው ሆኖ እያደገ ይደግፋል፤ ሌላው እድገት ሲያበቃ ያጸናል። ለጋውን ግንድ በጣታቸው ጎንበስ ያድርጉት፤ ከዚያ ቃጫ ለመበጠስ ይሞክሩ። ልዩነቱን እጃቸው ይነግራቸዋል።