ማዕከላዊ፦ የትናንቱን ብቻ የሚያሳይ ሙዚየም ይበቃናል?

የፖሊስ ታሪክ ሙዚየም ሲባል ቀድሞ ፊታችን የሚመጣው የድሮ ዩኒፎርም፣ ቆመጥ፣ ጠመንጃና የአዛዦች ፎቶ ነው። እነሱም ይቀመጡ። ፒያሳ አካባቢ ያለው ማዕከላዊ ግን ይለያል፤ እዚያ ዋናው ቅርስ ክፍሉ ራሱ ነው።

በአጭሩ እናስታውስ። በታኅሣሥ 2010 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ማዕከላዊ ተዘግቶ ሙዚየም እንደሚሆን አሳወቁ። በመጋቢት ተዘጋ፤ እስረኞቹ ወደ ሌላ ማቆያ ተወሰዱ። በጳጉሜን 2011 ደግሞ ሕዝቡ ገብቶ እንዲያየው በሩ ተከፈተ።

ሂዩማን ራይትስ ዎች ከ35 በላይ የቀድሞ እስረኞችንና ቤተሰቦቻቸውን አነጋግሮ በ2006 ባወጣው ሪፖርት የክፍሎቹ ስም ተመዝግቧል፦ «ጨለማ ቤት»፣ «ጣውላ ቤት»፣ «ሸራተን»። ሸራተን የተባለው ከሌሎቹ ስለሚሻል ነው። ፌዝ ነው፣ ግን ብዙ ይናገራል። ጨለማ ቤትን ባዶውን ተጠርጎ ካየነው እኮ ተራ ክፍል ነው። ስሙና እዚያ የታሰሩት ሰዎች ምስክርነት ግድግዳው ላይ ከሌለ፣ ጎብኚው ሰልፊ ተነስቶ ይወጣል።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይህ ገብቶታል። የሟቾች አጽም፣ ልብስና ፎቶ አለ፤ ከአስጎብኚዎቹም ውስጥ ራሳቸው ከደርግ እስር የተረፉ ነበሩ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ሙዚየም በ2002፣ በኢሕአዴግ ዘመን ሲመረቅ፣ ማዕከላዊ ሥራ ላይ ነበር። የደርግ ግፍ በመስታወት ውስጥ እየታየ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ሰው ጨለማ ቤት ይገባ ነበር። ቀጥሎ ተራው የኢሕአዴግ ሆነና ማዕከላዊ ለጎብኚ ተከፈተ። እኛ አገር መንግሥት ሁሉ የሚያስጎበኘው ከእሱ በፊት የነበረውን ጥፋት ነው። የራሱን የሚያሳይ የለም።

ስለዚህ ማዕከላዊ መውጫ በሩ ላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በትልቁ ይሰቀል እንላለን። የተያዘ ሰው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ1987 ነው። ከዚያ በኋላም ማዕከላዊ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቷል። ማለትም የጎደለው ሕግ አልነበረም።

ጎብኚው ያንን አንብቦ «ዛሬስ? ባሁኑ ጣቢያዎች ይከበራል?» ብሎ እየጠየቀ ከወጣ፣ ሙዚየሙ ሥራውን ሠርቷል። ካልሆነ የተዘጋው ሕንፃው ብቻ ነው።

እናንተስ፣ እዚያ መጀመሪያ ምን መታየት አለበት ትላላችሁ?