ሐዋላው ይግባ፣ ባለቤቱ ይቅር

«ከአገር የወጣ ሰው ስለ አገር ጉዳይ አፉን ይያዝ» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። በሴፕቴምበር 2025 የካትማንዱ ወጣቶች አደባባይ በወጡ ሰሞን፣ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን ወሬውን ስንሰልቅ፣ የተማረ የምለው ወዳጄ ነገሩን በአጭሩ ቀጨው። «ይኼ እኮ ውጭ ያሉት ኔፓሎች የለኮሱት እሳት ነው። እነሱ ምን ገዷቸው? ራታቸውን በልተው ይተኛሉ» አለ። ያን ዕለት ዝም አልኩ፤ ሰው ፊት መጨቃጨቅ አልወድም። ዝምታዬ እንደ ስምምነት እንዳይቆጠርብኝ ግን ይህን ጻፍኩ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማነሳው። ኔፓሎችም እንደኛው የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፤ የኛው ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር የነሱ ሃምሳ ሰባት ዓመት ያህል ይቀድማል።)

«አንተን ኔፓል ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ከ2014 እስከ 2017 ዶሃ ውስጥ በአንድ ኩባንያ መጋዘን ዕቃ ቆጣሪ ነበርኩ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ለካርቶን ቆጠራ ምንም አልፈየደልኝም፤ ለማዳመጥ ግን ጠቅሞኛል። ማደሪያችን ለስድስት ሰው የተሰጠ አንድ ክፍል ሲሆን ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አምስቱ ኔፓሎች ናቸው። በዕድሜ የሚበልጠንን ሰው «ዳይ» እንለዋለን፤ በነሱ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። አገሩ ሲንዱፓልቾክ ነው፤ እስከ ቲቤት ድንበር የሚዘልቅ ተራራማ አውራጃ።

ኤፕሪል 25 ቀን 2015፣ ቅዳሜ ጧት፣ ዳይ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ገና ጎኑን እንዳሳረፈ ጎረቤቱ ቀሰቀሰው። ኔፓል በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትታ ነበር። ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ ብዙ ሙት ከተቆጠረባቸው አውራጃዎች የመጀመሪያው የዳይ አገር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ደወለ፤ የሚያነሳ የለም። በሦስተኛው ቀን የእናቱን ድምፅ ሰማ። ቤቱ የለም፤ ሰው ተርፏል። አለቃችን ዘንድ ፈቃድ ሊጠይቅ ቢሄድ «በፈረቃህ የሚተካህ አምጣ» ተባለ። የሚተካው አልተገኘም፤ ቀረ። በደመወዙ ቆርቆሮ ተገዛ። የእናቱን ጣሪያ በስልክ ሠራው ማለት ይቻላል፤ ስንት ምስማር እንደገባ ሳይቀር ያውቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 20 ቀን አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲታወጅ ደግሞ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ዳይ የካትማንዱን የደስታ መብራት በስልኩ እያየ ፈገግ ይላል። በሕንድ ድንበር ካለው ቆላ፣ ከዳኑሻ የመጣው ልጅ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ ተጋደመ፤ ሕገ መንግሥቱ በደለን ብለው የተቃወሙ የቆላ ሰዎች በጥይት ወድቀዋል። ቀጥሎ የሕንድ ድንበር ተዘግቶ ነዳጅና የማብሰያ ጋዝ ሲጠፋ ሁለቱ ለሳምንታት ተኳረፉ። ሩዙን ግን ከአንድ ድስት ነበር የሚበሉት። «ራታቸውን በልተው ይተኛሉ» ያልከኝ ወዳጄ፣ ራቱስ ተበልቷል፤ እንቅልፉን ግን እኔ አላየሁም።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ለኔፓል ምኗ ናቸው? በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 29 ሚሊዮን ሕዝብ ባላት አገር ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ውጭ አገር መኖሩ ተመዝግቧል። የሚልኩት ገንዘብ የአገሪቱን ጠቅላላ ምርት ሩብ ያህላል። ሹሙ መኪና የሚያስመጣበት ምንዛሪ፣ የመንደር ልጅ የሚማርበት ክፍያ በአብዛኛው ከነሱ ላብ ነው። የምርጫ ቀን ሲደርስ ግን በአካል አገር ቤት ያልተገኘ ድምፅ የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2018 መንግሥት ውጭ ላሉ ዜጎች የድምፅ መስጫ መንገድ እንዲያበጅ አዘዘ። በኖቬምበር 2022 ምርጫ ተካሄደ፤ መንገዱ አልተበጀም። ይከብዳል፣ ወጪው ብዙ ነው፣ ሳጥኑን ማን ይጠብቃል ይባላል። ሐዋላን ከበረሃ ካምፕ አንስቶ ተራራ አናት ላለ መንደር የሚያደርስ አገር አንድ ወረቀት መመለስ እንዴት አቃተው?

ያው ሕገ መንግሥት የውጭ ዜግነት ለያዙ ትውልደ ኔፓሎች የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብት ያለው ዜግነት ፈቅዷል። ፖለቲካው ተቆርጦ ወጥቷል። የኛን ቢጫ ካርድ የሚያውቅ አንባቢ አይገርመውም፤ እሱም መምረጥና መመረጥን አይጨምርም። ዜግነቱን በፈቃዱ ስለ ለወጠ ሰው ከሆነ ክርክሩ ይገባኛል። ፓስፖርቱ የኔፓል፣ ሚስቱ ኔፓል፣ ዕዳው ኔፓል የሆነውን የቀን ሠራተኛ ግን በምን ሒሳብ ነው ባዕድ የምናደርገው?

«ባህላችሁን ግን አትርሱ» ይሏቸዋል ደግሞ። ይኼኛው ነው የሚያስቀኝ። አልረሱም። ዳይ የዳሻይን በዓል ሊገባ ሲል በፕላስቲክ ክዳን አፈር አድርጎ ገብስ ይዘራል፤ ቡቃያው ብርሃን ሳያይ ቢጫ ሆኖ ማደግ ስላለበት ከአልጋው ሥር ያኖረዋል። በቀኑ ሩዝ በእርጎና በቀይ ቀለም ለውሶ፣ እንደ አባት ሆኖ፣ የሁላችንንም ግንባር ቀባ፤ የኔንም ጭምር። ሹማምንት ይህን ይወዱታል። ሲቀባ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ ሲናገር ግን «ምን አገባህ» ይባላል። እንዲህ ያለ መከፋፈል ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከባህሉ ግን አልመጣም። በኔፓል እጅግ ከሚወደዱት ግጥሞች አንዱ የሆነው፣ ላክሽሚ ፕራሳድ ዴቭኮታ በ1936 ያሳተመው «ሙና ማዳን»፣ ድህነት ገፍቶት ላሳ የሄደ ባልና ቤት ሆና የምትጠብቅ ሚስት ታሪክ ነው። ሲመለስ አያገኛትም። ለባዕድ ጦር ተቀጥሮ የሚሄደውን «ላሁሬ» ይሉታል፤ ድሮ ላሆር ድረስ ሄደው ለሲኮች ንጉሥ ይዋጉ ከነበሩት የቀረ ስም ነው። መሄድ እዚያ አገር ከዘፈኑም ከስሙም ውስጥ አለ። ለምን ተሄደ ብሎ መጠየቅ ፖለቲካ ካልሆነ ፖለቲካ ምንድር ነው?

ሌላው አስገራሚ ነገር፣ አገሪቱን ሲፈራረቁባት የኖሩት ፓርቲዎች ራሳቸው የት ተወለዱ? የዛሬው የኔፓል ኮንግረስ የበቀለበት ብሔራዊ ኮንግረስ በ1947 የተመሠረተው ካልካታ ነው። ኮሚኒስት ፓርቲውም በ1949 እዚያው ካልካታ። በሕዝብ ድምፅ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ቢ. ፒ. ኮይራላ የተወለደው ባናራስ ነው። የራና ቤተሰብ አገዛዝ በ1951 ሲወድቅ ከሕንድ ሆነው የታገሉት እጅ ነበረበት። እነዚያ አፋቸውን ይዘው ቢሆን ኖሮ የኋለኞቹ ወንበሩን ከየት ያገኙት ነበር?

ወዳጄን ባዶ እጁን አልሰደውም። ሞቅ ካለ ሳሎን ሆኖ የሰውን ልጅ «አቃጥል» ማለት ርካሽ ነው፤ ሴፕቴምበር 9 ቀን ምክር ቤቱና ሲንጋ ዱርባር የተባለው የመንግሥት መቀመጫ ሲነዱ ከሩቅ ያጨበጨበም ይኖራል። እሳቱን የለኮሰው ግን ማን ነው? ሴፕቴምበር 4 ቀን መንግሥት ፌስቡክን፣ ዋትስአፕንና ዩቲዩብን ጨምሮ 26 የመገናኛ መረቦችን ዘጋ። ለካትማንዱ ባለሥልጣን ይህ የወጣት ጫጫታ ማፈኛ ነበር፤ ለሚሊዮን ቤተሰብ ግን የልጅና የእናት መስመር ነው። ሴፕቴምበር 8 ቀን 19 ሰው ተገደለ፤ በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሊ ለቀቁ፤ በጠቅላላው የሞተው ከ70 በላይ ሆነ። ዲስኮርድ በሚባለው መረብ ከ100,000 በላይ ሰው ገብቶ ማን ይምራን ሲል ተከራከረ፤ ውጭ ያሉትም ገብተውበታል። በ12ኛው ቀን የቀድሞዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሱሺላ ካርኪ የጊዜያዊ መንግሥት መሪ ሆነው ማሉ። ከዚያ በፊት ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር በአገሪቱ አልነበረም።

ያን ሰሞን ዳይ ጋ ደወልኩ። በ2018 ጠቅልሎ አገሩ ገብቷል፤ ፍየል ያረባል። የወጣው በ2005 ነው፤ የ2008፣ የ2013 እና የ2017 ምርጫ አልፎታል። «ከንጉሥ አገር ወጥቼ ንጉሥ ወደሌለው አገር ገባሁ፤ በመሃሉ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም» ይል ነበር ሁልጊዜ። አሁን ልጁ ኩዌት ነው። መስመሩ በተዘጋ ጊዜ አራት ቀን ሳይነጋገሩ ቆይተው ነበር። የልጁ የመራጭነት ካርድ እሱ ጋ ቀርቷል፤ የት አስቀመጥከው ብለው፣ ከሐዋላ ደረሰኞቹ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ነው አለኝ።