ሚኒሞ መጨመር ጥገና አይደለም!

ከጎፋ እስከ ለቡ ስንት ጋራዥ አለ? ቆማ የምትንቀጠቀጥ መኪና ይዛችሁ ስትገቡ ካቻቢቴ ይመዘዝና ሚኒሞው ከፍ ይደረጋል። መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ ሂሳብ ክፈሉ!

ይህ ለታማሚ ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት ነው። በሽታው እዚያው ተቀምጧል፤ የጨመረው የቤንዚን ወጪያችሁ ነው። አሮጌ ሞተር በምክንያት ነው የሚንቀጠቀጠው፦ ያረጀ ካንዴላ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ ተሰንጥቆ አየር የሚስብ ቱቦ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላዎቹ ሲፈቱ ሁሉም ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ይህንኑ ይመሰክራሉ። አንዱ ብቻ ከተለየ ግን ፍለጋው በዚያው ሲሊንደር ይጀምር።

ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ ነው እንዴ? ደንበኛው ለዕቃ ሳያቅማማ ይከፍላል፤ የምርመራ ሲባል «ምን ሠራህና?» ይላል። ማሰብን በነፃ የሚፈልግ ካቻቢቴ ቢያገኝ አይግረመው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። እንግዲህ ያለችን አሮጊት ይህችው ናት። ለምርመራ ክፈሉ፤ «ምክንያቱን አሳየኝ» ሳትሉም ከጋራዥ አትውጡ!