ከካሜራው በፊት ምን እንግዛ?

በጎብዬ ያደገ ተማሪ ብርድን የሚያውቀው ከልምዱ ይልቅ በወሬ ነው ማለት ይቻላል። በቆቦና በጎብዬ ዙሪያ የተንጣለለው የራያ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ የሚገኝ፣ ማሽላ የሚበቅልበት ሞቃት ምድር ነው። ሆኖም የአካባቢው ጸጥታ ፈቅዶ በወልድያና በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የተጓዘ፣ ከዚያም በእግሩ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የወጣ ሰው ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በዚያም ጅብራን፣ ጭላዳን፣ ዕድል ከቀናውም ቀይ ቀበሮን ፎቶ ለማንሣት ይችላል።

እንደሚታወቀው የከባቢ አየር ሙቀት ከፍታ በጨመረ ቁጥር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀንሳል። በሜዳውና በተራራው መካከል ያለው የ2,700 ሜትር ልዩነት ስለዚህ ወደ 17 ዲግሪ ተኩል ይጠጋል። ጎብዬ ላይ የማለዳው ሙቀት 15 ዲግሪ ቢሆን፣ በዚህ ስሌት የተራራው ጫፍ ከዜሮ በታች ነው ማለት ነው። ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ብርዱ ይበረታል።

ይህ ሁሉ እያለ ለጉዞ የሚዘጋጅ ተማሪ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ልግዛ?» እያለ ነው። በእኛ አስተያየት ጥያቄው ከመጨረሻው ጀምሯል። ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው አስቀድሞ ስለ ሰውነቱ፣ ቀጥሎ ስለ ባትሪው፣ ከዚያም ካሜራውን ስለሚያቆምበት ነገር፣ በመጨረሻም ስለ ካሜራው ሊያስብ ይገባዋል። ጣቶቹ የደነዘዙበት ሰው እጅግ ውድ የሆነውን ካሜራ ቢይዝም ቁልፉን በወጉ መጫን አይችልም።

ለዚህ አባባላችን ታሪክም ይመሰክራል። ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም. ኤድመንድ ሂላሪ በኤቨረስት ጫፍ ላይ ቴንዚንግ ኖርጌይን ፎቶ ያነሣው በአንዲት አሮጌ ኮዳክ ሬቲና ካሜራ ነበር። ካሜራዋንም ቅዝቃዜ እንዳይጎዳት ከሸሚዙ ሥር ይዟት ወጣ። በዓለም ዙሪያ የታወቀው ያ ፎቶ የተገኘው በካሜራዋ አዲስነት ሳይሆን በባለቤቷ ጥንቃቄ ነው።

ከልብስ እንጀምር። ልብስ በራሱ ሙቀት አይሰጥም፤ የሰውነትን ሙቀት የሚጠብቀው በክሮቹና በድርቦቹ መካከል በያዘው አየር ነው። ጋቢ የሚሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ላብ ወይም ዝናብ ሲነካው አየሩ የነበረበትን ቦታ ውኃ ይይዘዋል። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ስለዚህ ጋቢ ለማታ ማረፊያ እንጂ ላብ ለሚያስወጣ ዳገት አይሆንም። የበግ ጠጉር ግን እርጥበት ቢነካውም ሙቀት የመያዝ ችሎታውን በአብዛኛው አያጣም። እናቶቻችን የፈተሉት ባና፣ አባቶቻችን የደረቡት በርኖስ ይህን ዕውቀት ከቀድሞ ጀምሮ ይዘውት ኖረዋል። ከሰልባጅ ገበያ የተመረጠ የሱፍ ሹራብ፣ በላዩም ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ቀላል ጃኬት የደረበ ተማሪ፣ አንድ ወፍራምና ውድ ካፖርት ከገዛው ጓደኛው የተሻለ ገበያ አድርጓል። ዳገት ሲወጣ አንዱን ያወልቃል፤ ሲያርፍ መልሶ ይደርባል።

ባትሪን በተመለከተ፣ በሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ የአዮኖች እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። ከእኛ መካከል አንዱ ባትሪውን በሻንጣው የውጭ ኪስ አሳድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ ካሜራው «ባትሪ አልቋል» ብሎ ጠፋበት። ቁርስ እስኪደርስ ብብቱ ሥር ያቆየው ያው ባትሪ ግን ነፍስ ዘርቶ በርካታ ፎቶ አነሣ። እንግዲህ ከማንኛውም ጌጠኛ ዕቃ በፊት አንድ ትርፍ ባትሪ መግዛትና በውስጥ ኪስ መያዝ ይበልጣል። የቀዘቀዘን ባትሪ ግን ሳይሞቅ ኃይል መሙላት ይጎዳዋል።

ሌላው ጠላት ጤዛ ነው። የቀዘቀዘ ካሜራ ቡና ወደሚፈላበት ሞቃት ቤት ሲገባ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ተን በመስተዋቱና በውስጥ ክፍሎቹ ላይ ውኃ ሆኖ ይቋጠራል። መድኃኒቱ ከመግባት በፊት ካሜራውን በፌስታል አጥብቆ አስሮ፣ ሙቀቱ ከቤቱ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ሳይፈቱ መቆየት ነው። ወጪውም ከምንም አይቆጠርም።

ስለ ማቆሚያም እንዲሁ ነው። ትራይፖድ መግዛት ያልቻለ፣ ማሽላ የተሞላ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት በድንጋይ ላይ አኑሮ ካሜራውን ቢያስደግፍበት እጅ የሚያመጣውን መንቀጥቀጥ በእጅጉ ይቀንሳል። ለመልክዓ ምድርና ለዕፀዋት የእጅ ስልክም ይበቃል። ከሩቅ ለሚታይ ቀይ ቀበሮ ግን ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል፤ ያኔም ቢሆን በጥንቃቄ የተመረመረ ያገለገለ ካሜራ ከነሌንሱ፣ ሌንስ ከሌለው አዲስ ካሜራ ይመረጣል።

«ርካሽ ዕቃ ሁለት ጊዜ ያስገዛል» የሚሉን እንዳሉ እናውቃለን። አባባላቸው ከፊል እውነት አለው። በጫማ፣ በዝናብ መከላከያና በእጅ ባትሪ ላይ መቆጠብ አይገባም፤ እነዚህ የከዱት ሰው የሚያጣው ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ጤናውን፣ ምናልባትም ሕይወቱን ነውና። የእኛ ክርክር ዋጋ ይቀንስ ሳይሆን ዋጋ በቦታው ይዋል ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ክበባት አንድ ረጅም ሌንስ፣ አንድ ትራይፖድና ጥቂት የዝናብ ልብስ በጋራ ገዝተው ለአባሎቻቸው በተራ ቢያውሱ፣ የጎብዬ ልጅም የተራራውን አራዊትና ዕፀዋት መዝግቦ ለሳይንስ ማቅረብ ይችላል። ይህ ሥራ የባለ ገንዘቦች ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ ትጥቃችንን ገና ከሜዳው ሳንነሣ እናጥብቅ።