ተሿሚውን ስናይ ተሰናባቹን አንርሳ





በሀገራችን አንድ ሰው ሲሾም ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ሹመት ያዳብር» ብሎ ይመርቀዋል። ከሹመቱ ለሚወርደው ግን የተዘጋጀ ምርቃት የለንም። እንዲያውም ያለን ተረት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ነው። ይህ ተረት ሁለት ክፉ ነገር ያስተምራል፤ አንደኛው ሹመት የመብያ ጊዜ መሆኑን ሲሆን ሁለተኛው ከሹመት መውረድ ጸጸትና ውርደት መሆኑን ነው። ስለዚህ እኔ በበኩሌ አዲስ መሪ ሥልጣን ሲይዝ ባየሁ ቍጥር፣ የገባው ምን ተናገረ ከማለቴ በፊት የወጣው እንዴት ወጣ ብዬ እጠይቃለሁ።

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነበረ። በዚያን ዕለት ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቃለ መሐላ ፈጽመው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በአዲሎ ከተማ በቴሌቪዥን ተመልክቻለሁ። ባሰሙት ንግግር በሁከቱ ሕይወታቸውን ስላጡ ዜጎች ይቅርታ ጠየቁ፤ ተቃዋሚ ይባሉ የነበሩትን ፓርቲዎች ተፎካካሪ አሏቸው፤ ለኤርትራ መንግሥት የሰላም ጥሪ አቀረቡ፤ እናታቸውንና ባለቤታቸውን አመሰገኑ። በዙሪያዬ የነበረው ሰው ሁሉ ስለ ንግግሩ ሲነጋገር የእኔ ዐይን ያረፈው በዚያው አዳራሽ በነበሩት በተሰናባቹ ጠቅላይ ሚኒስትር በአቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ላይ ነበረ።

ይህን የምለው የጎረቤታችን የወላይታ ሰው በመሆናቸው ለማድላት አይደለም። ታሪካችንን መለስ ብሎ ለሚመለከት ሰው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከተሻሩና ኋላም ከተያዙ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እስረኛ ሆነው ኖሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወስደው በእስር ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው አለፈ፤ ሥርዐተ ቀብራቸውም እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ አልተፈጸመም። ከደርግ ሊቃነ መናብርት ጄኔራል አማን አንዶም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ተገደሉ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከሀገር ወጥተው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። አቶ መለስ ዜናዊም ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመንግሥቱን ሥራ በእጁ ይዞ የነበረ ሰው የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ለመፍትሔው አካል ለመሆን ስል እለቃለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ተተኪው እስኪሰየም ድረስ በሥራው ላይ ቆየ፤ ካስረከበም በኋላ በሰላም ቤቱ ገባ። አንዳንድ ሰዎች «እሳቸው እኮ ተገፍተው እንጂ ወደው አልወጡም» ይሉኛል። በእርግጥም ጊዜው የሁከትና የጭንቅ ጊዜ ነበረ። ቢሆንም ከእሳቸው በፊት የተገፉት ሁሉ ወይ መቃብር፣ ወይ ወህኒ፣ ወይ ስደት ነበረ የጠበቃቸው። ተገፍቶም ቢሆን በእግሩ ወጥቶ ከቤተሰቡ ጋር መኖር ለሀገራችን አዲስ ነገር ነው። ታንዛንያ ይህን አስቀድማ አይታዋለች፤ ጁሊየስ ኔሬሬ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ፕሬዚዳንትነቱን በፈቃዳቸው ለቀው ኋላም ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ቡቲያማ ገብተዋል።

ነገር ግን የአንድ ቀን ርክክብ ብቻውን ሀገር አያድንም። ከዚያ ሰኞ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍላችን ጦርነት ተነሥቶ እስከ ፕሪቶርያው ስምምነት እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። ከዚህም የምንማረው ሥልጣን ከሰው ወደ ሰው በሰላም መተላለፉ ሳያንስ፣ የቀድሞውና የአዲሱ ወገን በሰላም አብረው የሚኖሩበት ልማድ ማስፈለጉን ነው።

ልማድ ደግሞ በሕግ ሲደገፍ ይጸናል። ሕገ መንግሥቱ የፕሬዚዳንቱን የሥራ ዘመን ስድስት ዓመት አድርጎ ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥን ይከለክላል። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን እንዲህ ያለ ገደብ አላኖረም። በፕሬዚዳንትነቱ በኩል ከዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ጀምሮ ርክክቡ ከሕያው ወደ ሕያው ሲሆን ቆይቷል፤ ክብርት ሣህለ ወርቅ ዘውዴም መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ለክቡር ታየ አጽቀ ሥላሴ አስረክበዋል። ይሁን እንጂ ዶክተር ነጋሶ ከወረዱ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት በመግባታቸው፣ በጊዜው በነበረው ሕግ ምክንያት የተሰናባችነት ጥቅማቸው ተቋርጦባቸው እንደ ነበር የሚታወስ ነው። ኋላ የወጣው አዋጅ ቍጥር 653/2001 የተሰናባች መሪዎችንና ሹማምንትን መብትና ጥቅም ደንግጓል። ይህን እንደ ብክነት የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ከወረደ በኋላ የሚኖርበት ቤትና የሚበላው እንጀራ መኖሩን ያወቀ ሹም ወንበሩን በሁለት እጁ አይዝም እላለሁ።

አሁን ወደ እኛ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ልመለስ። ስለ ቤተ መንግሥቱ ርክክብ ስናወራ የራሳችንን መሥሪያ ቤት ርክክብ እንዘነጋለን። ቀድሞ በሠራሁበት በአንድ መሥሪያ ቤት ኀላፊው ተነሥቶ ሌላ ሲተካ፣ የካዝናው ቍልፍና ማኅተሙ ለብዙ ሳምንታት ሳይመለሱ ቀሩ። አንዲት የሟች ሠራተኛ ባለቤት የጡረታ ጉዳይዋን ይዛ ሦስት ጊዜ ከገጠር ተመላልሳ «አዲሱ ኀላፊ ገና አልተረከቡም» እየተባለች ተመልሳለች። ንብረት በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 እንዲወጣ ደንብ አለ፤ ተጀምሮ ያልተፈጸመ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ በተሰናባቹ ጭንቅላት ውስጥ ወጥቶ ይሄዳል። አዲሱም የፊተኛውን ሥራ ሁሉ ነቅፎ ከሀ መጀመርን እንደ ጉብዝና ይቈጥረዋል።

ይህ በእኛ አካባቢ በተለይ የሚሰማ ነገር ነው። የደቡብ ክልል ተከፍሎ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም፣ ቀድሞ ወደ ሐዋሳ ይጻፍ የነበረው ደብዳቤ አቅጣጫው ወደ ሆሳዕና ዞረ። ሠራተኛው፣ ፋይሉ፣ ንብረቱና ዕዳው ተከፋፈለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለጉዳዩን የሚያድነው በደንብ የተጻፈ የርክክብ ሰነድ ነው።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትርነቱም የሥራ ዘመን በሕግ የሚወሰንበት መንገድ ይታሰብበት። በየመሥሪያ ቤቱም የሚነሣ ኀላፊ ከንብረቱ ጋር በእጁ ያሉትን ያልተፈጸሙ ጉዳዮች አንድ በአንድ ጽፎ፣ በሠራተኞች ፊት ፈርሞ ያስረክብ፤ ሠራተኛውም ለገባው እንደሚያጨበጭብ ሁሉ ለወጣው ተነሥቶ ምስጋና ያቅርብ። ማስረከብ ነውር መሆኑ የቀረ እንደ ሆነ ሥልጣንን እንደ ርስት መቍጠርም አብሮ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲሎ