ሳቅን የሚፈራ ሥልጣን፣ ሥልጣንን የሚፈራ ሳቅ

«መሪን በመድረክ መሳቂያ ማድረግ ሥርዓትን መድፈር ነው፤ ኪነ ጥበብ ሊያስተምር እንጂ ሊያላግጥ አይገባውም» የሚል አስተሳሰብ ዛሬም ከአዳራሾቻችን አልወጣም። የጨዋነት ካባ ይደርብ እንጂ ውስጡ አድርባይነት ነው።

ዘመናዊው ተውኔታችን የተወለደው በሹማምንት ላይ በመሳቅ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከውጭ አገር ትምህርት ተመልሰው በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የተንሰራፋውን ጉቦኝነትና ኋላ ቀርነት ቢያዩ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። ተውኔቱ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በመኳንንቱ ፊት በቀረበ ጊዜ፣ አውሬው ማን እንደሆነ ለመለየት የተቸገረ አልነበረም። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት፤ መድረኩም ለዓመታት ጸጥ አለ። ታዲያ ጉቦው ቀረን? መስተዋቱ ተሰበረ እንጂ ፊቱ አልታጠበም።

ኋላ ጭርጭርን ያስተዳደሩት፣ በሂርናም የኖሩት እኒህ ደራሲ ለድሬዳዋ ሰው ባዕድ አይደሉም። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከደረሰው የምድር ባቡር ጋር የተቆረቆረች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሠራተኛና ነጋዴ የተቀላቀለባት ናት። አንቱታ እዚህ ብዙ ቦታ የለውም፤ ሽማግሌውም ሹሙም «አንተ» ይባላል፤ ይህም ቅርበት እንጂ ንቀት አይደለም። በከዚራ ዛፎች ጥላ፣ በመጋላ ገበያ፣ በበርጫው ላይ ሹም በስሙ ይተቻል፣ ይሳቅበታል። ያው ተጫዋች መድረክ ሲወጣ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ሕዝቡ በየቀኑ የሚያፈልቀውን ቀልድ ባለሙያው ለመድገም ከፈራ፣ ኪነት ከሕዝብ ኋላ ቀርታለች ማለት ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ መድረኩ በወደቀው ባላባት ሳቀ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በወደቀው ካድሬ። ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ይህ ግን ሂስ አይባልም። ሂስ ባለወንበሩ ወንበሩ ላይ ሳለ የሚነገር ነው። በፋና ቴሌቪዥን የቀረበው «ምን ልታዘዝ» አንዲትን ካፌ በአገር አምሳል አሳይቶ በዘመኑ ፖለቲካ ሲሳለቅ፣ መንገዱ እንዳልተዘጋ አስመስክሯል።

ወደ ጃፓንም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው «ታሚዮ» የተሰኘ የቴሌቪዥን ድራማ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ተማሪ ልጁን ነፍስ ያለዋውጣቸዋል። ልጁ በአባቱ ገላ ምክር ቤት ቆሞ የተጻፈለትን ንግግር ማንበብ ያቅተዋል፤ አባት በልጁ ገላ ሥራ ፍለጋ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ተመልካቹ እየሳቀ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሥልጣን ከካባው ሲለይ ምን ይቀረዋል? የእኛስ ሹም ለአንድ ቀን በሥራ አጡ ወጣት ገላ ውስጥ ቢውል ምን ያያል? ይህን ተውኔት የሚጽፍልን ማነው?

ስድብና ሂስ ግን አይምታቱ። በሰው ዘር፣ በሃይማኖቱ ወይም በአካል ጉዳቱ የሚሳቅ ሳቅ መርዝ ነው። የምንሻው በተሰበረ ቃል፣ በታጠፈ ፍርድ፣ በባዶ ንግግር ላይ የሚሳቅ ሳቅ ነው።

ስለዚህ ካድሬው ቧልትን ከጠላትነት አይቁጠር፤ በስብሰባ የማይነገረውን እውነት በነጻ ያደርስለታልና። መምህሩ ፋቡላን ለተማሪዎቹ በታሪክነቱ ብቻ ሳይሆን በድፍረቱም ያስተምር። ባለሙያው ደግሞ የሹሙን ውድቀት መጠበቁን ይተው። የሚስቅበት ሕዝብ ያለው መሪ ገና የሚሰማው አለ፤ ሊፈራ የሚገባው ሕዝቡ ዝም ያለበት ቀን ነው።