አሥራ ሁለቱ ቀናት

ባለፈው ሳምንት አንዲት አንባቢ ስልክ ደውለው «ምራቴ ትንሽ ተለዋውጣብኛለች። እርግዝና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በምን ይታወቃል?» ብለው ጠየቁኝ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ መንገር ጀመርኩ፤ ግን አፌ ከእሳቸው ጋር ሆኖ ሐሳቤ መቀሌ ሄደ። ይህንኑ ጥያቄ ከሌላ አማት ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ተነጋግሬበታለሁ። ማንነታቸውን ሳልጠቅስ ዛሬ ላጫውታችሁ።

የካቲት 2015 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ከሁለት ዓመት በላይ ዓይኗን ያላየኋትን እህቴን ጠይቄ ወደ አዲስ አበባ እየተመለስኩ ነበር። እህቴ እንዳላመልጥ ብላ እጅግ ቀደም አድርጋ ኲሓ አጠገብ ወዳለው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘችኝ። በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ የነበረው የመንገደኞች በረራ የተከፈተው በታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ነው። በዚያ ቀን መሬት የሳሙ፣ እናታቸው እግር ላይ የወደቁ ሰዎችን በቴሌቪዥን አይታችሁ ይሆናል። እኔ ስደርስ ሁለት ወር አልፎትም ሰው ገና ሲገናኝ ያለቅስ ነበር።

መፈተሻው ጋ ነጠላ ያጣፉ አንድ እናት ከፊቴ ቆመው በበሩ አልፍም አሉ። ከዚህ በፊት በአውሮፕላን ሄደው አያውቁም። «ይኼ ጨረር አለው ይባላል። ለእርጉዝ ሴት አይሆንም አሉ» አሉኝ በትግርኛ በታሸ አማርኛ። «እርስዎ እርጉዝ ነዎት እንዴ አደይ?» ብዬ ቀለድኩ። ሳቅ አልመጣም። በእግር የሚታለፈው በር ብረት የሚለይ ማግኔት እንጂ ራጅ እንዳልሆነ፣ ራጁ ያለው ሻንጣ በሚገባበት ማሽን ውስጥ መሆኑን፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን ያለ ስጋት እንደምታልፍበት ነገርኳቸውና እጃቸውን ይዤ አሻገርኳቸው።

መጠበቂያው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አዋላጅ ነርስ መሆኔን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የምራታቸው የምርመራ ወረቀት ነው። የካቲት 21 ቀን ተጽፎበታል፤ «7 ሳምንት ከ6 ቀን» ይላል።

«ልጄ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ከሁለት ዓመት በላይ ድምፁን እንኳ ሳንሰማ ቆይተን ጥር 8 ቀን ለጥምቀት መጣልን። ከጥር 8 እስከ የካቲት 21 ድረስ 43 ቀን ነው፤ በመቁጠሪያዬ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ይኼ ወረቀት ግን 55 ቀን ይላል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሥራ ሁለቱ ቀን የማን ነው፣ ልጄ?»

አዲስ አበባ የሚሄዱት ይህንኑ ለልጃቸው ፊት ለፊት ሊነግሩት ነበር። በስልክ አይነገርም ብለው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። በእሳቸው ላይ አይደለም። ያን ወረቀት የጻፈ ሰው ለዚያች ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምርላት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ላይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

ሐኪም እርግዝናን የሚቆጥረው ከተፀነሰበት ቀን አይደለም። የተፀነሰበትን ቀን ማንም በትክክል ስለማያውቀው፣ የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ይነሳል። ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል የተጻፈችው ቀን ታኅሣሥ 26 ናት። የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ሴት እንቁላሏ የሚለቀቀው ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ታኅሣሥ 26 ላይ አሥራ አራት ቀን ስንጨምር ጥር 10 ይመጣል። ልጃቸው ከገባ ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር «የሁለት ሳምንት እርጉዝ» የምትባል ሴት ገና አልፀነሰችም። ሰርጋቸው አምስት ሳምንት የሆናቸው ሙሽሮች «ሰባት ሳምንት» ተብለው ስንት ቤት ጭቅጭቅ እንደገባ እኔ አውቃለሁ።

«ታዲያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን የሚባለውስ?» አሉኝ። ብልህ ጥያቄ ነው። ከፅንሱ ቀን ከተነሳን በአማካይ 266 ቀን ገደማ ነው፤ ከወር አበባው ከተነሳን 280። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ወሩ ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆነ ለአዋላጅ ይመቻል፦ ከመጨረሻው የወር አበባ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ቆጥሮ፣ መሐል ጳጉሜን ካለች የእሷን ቀኖች መቀነስ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ነች። ስለዚህ ለምራታቸው ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን ይሆናል፤ መስከረም 30 ቀን 2016። እሳቸውም በመቁጠሪያቸው እንደገና ቆጠሩት። አልከለከልኳቸውም።

ሲጨርሱ ትከሻቸው ወረደ። ነገሩ ግን አላለቀም። «ታዲያ ልጅቷ ምን ሆናለች?» አሉ። «ሽንኩርት ሲቁላላ ከቤት ትወጣለች። ምራቅዋ በዛ። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ደብቃን ነው ወይስ ጾሙ ከብዷት ነው ብዬ አላምናት ብያለሁ።» ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነበር፤ የጨጓራ ነው ብለው የተልባ ውኃ ሲያጠጧት ከርመዋል።

ሁሉም የእርግዝናው ነበር። የተፀነሰው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ማኅፀን ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ ኤች ሲ ጂ የሚባል ሆርሞን ይመነጫል፤ በሽንት ምርመራ የሚታየውም እሱ ነው። የወር አበባ ቀኑ ሳያልፍ የሚደረግ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያታልላል። ካለፈ በኋላ በማለዳ የመጀመሪያው ሽንት ቢደረግ ይሻላል፤ «የለም» ቢልና የወር አበባው ከቀረ ከሳምንት በኋላ ይደገም። ድካሙና እንቅልፉ ፕሮጄስትሮን ከተባለው ሆርሞን መብዛት ጋር ይያያዛል። ጡት ይከብዳል፣ ሲነካ ያማል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፤ ወደ ዘጠነኛው ይብሳል፤ ለብዙዎች ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስድስት ሳምንት ባለው ይለቃል። «የጠዋት ሕመም» ቢባልም ማታም ይመጣል። ምንም የማይሰማት ሴትም አለች፤ እኔ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ የሽንኩርት ሽታ ቀርቶ የበርበሬ ድለዛ አልነካኝም።

አማቶች ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ ነገር፦ አንዳንድ ሴት ፅንሱ ሲጣበቅ ጥቂት የደም ጠብታ ታያለች፤ «ወር አበባዬ መጣ» ብላ ታልፈዋለች፤ ቆጠራውም ይሳሳታል። ደግሞ በረሃብ፣ በጭንቀትና በሐዘን ውስጥ ያለፈች ሴት የወር አበባዋ ይዛባል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይቀራል። በዚያ ዓመት መቀሌ ውስጥ የወር አበባ መቅረት ብቻውን ምን ሊነግረን ይችል ነበር? ቀኑ ሲያጠራጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሳያልፉ የሚነሳ አልትራሳውንድ ከሁሉ የተሻለ ይለካል።

ከዚያ እኔ በተራዬ ጠየቅኳቸው። «ፎሊክ አሲድ ጀምራለች?» አያውቁም። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም፤ አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ዞር ብለው አይተውናል። የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል። ብዙ ሴቶች እርጉዝ መሆናቸውን በሚያውቁበት ሰሞን ሥራው አልቋል። ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ተከፍቶ ወይም አንጎሉ ሳይሟላ ይወለዳል። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ጉዳት በክልሉ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳይተዋል። በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ከመፀነስ በፊት ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት መውሰድ አደጋውን በብዙ ይቀንሳል። ለምራታቸው ዋናው ቀን አልፎ ነበር። ቢሆንም እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት መውሰዱ አይቀርባትም፤ ከዚያም የብረት ማዕድኑን ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጀምር አልኳቸው።

የደም ዓይነቷስ? እሳቸው ሾተላይን ያውቁታል፤ እህታቸው በሱ ሦስት ልጅ ቀብረዋል። ብዙ ጊዜ ሾተላይ የምንለው እናት አር ኤች ኔጌቲቭ ሆና ፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣውን ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ላይ አንድ ጠብታ ደም ይህን ይለያል፤ የመከላከያ መርፌም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትትል ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በፊት ይሁን የሚለው ለዚህ ለዚህ ነው።

ኮሶና ብዙ ጤና አዳም አይጠጣ አልኩ። ጾሙን ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገርበት፤ ለነፍሰ ጡር መንገድ እንዳለው እሳቸውም ያውቃሉ። በአንድ ጎን የሚወጋ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ደም ከታየ ግን «ጠዋት እንሄዳለን» አይባልም፤ ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ውኃ እንኳ ሆዷ ውስጥ የማይቆይላት ከሆነም እንዲሁ። ዓይደር ሆስፒታል ከቤታቸው ሩቅ አልነበረም።

ተሳፈሩ ሲባል አደይ ስልካቸውን አወጡና ደወሉ። «ጓለይ» አሉ፤ ከዚያ ያለው ትግርኛ ከእኔ አቅም በላይ ነው። «ፎሊክ» የሚለውን ቃል ግን ሦስት ጊዜ ሰማሁ፤ ሁለቴ በተለያየ አጠራር። ስልኩን ሲዘጉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ቀበቷቸውን ሳስርላቸው ቆየት ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ ‹ምን አመጣሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?› ቢለኝ ምን እላለሁ?»

ምን እንደምመልስ ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ። «ለሕፃኑ ልብስ ልገዛ መርካቶ መጣሁ እለዋለሁ» አሉና ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ መልሰው ቋጠሩት።